የሽምብራው ዘር ተጠና፤ የሕመምተኛውስ?

በሰሜን ሸዋ የምንጃር ከተማ የሆነችውን የአረርቲን ስም አገሩን ረግጠው የማያውቁ ሰዎችም ያውቁታል። በ1999 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል አንድ የነጭ ሽምብራ ዝርያ ለገበሬው ሲያወጣ «አረርቲ» ብሎ ሰየመው። ዝርያው የተገኘው ያኔ መቀመጫውን ሶሪያ ውስጥ አሌፖ አጠገብ ካደረገው ኢካርዳ ከተባለ ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋም ነው። የሽምብራ ጂኖም ደግሞ በ2013 ተነቦ ታተመ። የምንጃር ገበሬ ዘር ሲገዛ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳይጠይቅ ብር አይቆጥርም፤ በአንድ ማሳ፣ በአንድ ዝናብ አንዱ ሲያፈራ ሌላው ሲጠወልግ አይቷልና። ያው ገበሬ ታሞ አልጋ ሲይዝ ግን መርፌው የሚወጋው፣ ክኒኑ የሚታዘዝለት የሰው አካል ሁሉ አንድ እንደሆነ ተቆጥሮ ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ከሁሉ የምትቀርበው ነርሷ ናት። በአገራችን የጤና አደረጃጀት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ እንዲያገለግል ነው የታሰበው። አረርቲም ይህን ደረጃ የያዘ ሆስፒታል አላት። በእንዲህ ያለ ቦታ ሐኪሙ ጠዋት ዞሮ አይቶ ያዝዛል፤ የታዘዘውን የምትሰጠው፣ ከሰጠች በኋላ የሚሆነውን የምታየው፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ሲስተር፣ ነይልኝማ» ስትባል የምትነሣው ነርሷ ናት። መድኃኒት በአንዱ ላይ ሠርቶ በሌላው ላይ እንቢ ሲል፣ ወይም ከልክ በላይ ሲሠራ፣ መጀመሪያ የሚታየው ለእሷ ነው።

ጂኖሚክስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ማሽን ነው። የሰው ልጅ ጂኖም 3 ቢሊዮን ያህል ፊደላት አሉት። የመጀመሪያው ንባብ በ2003 ተጠናቀቀ ሲባል ፕሮጀክቱ 2.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ነበር፤ ዛሬ የአንድ ሰው ጂኖም ከሺህ ዶላር ባነሰ ዋጋ ይነበባል። ያም ሆኖ ለአረርቲ ሕመምተኛ ሩቅ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ይቆየን። ያለ ማሽን፣ እዚያው አልጋው አጠገብ ሊሠራ የሚችለው ከሚገመተው በላይ ብዙ ነው፤ ለዚያ የሚያስፈልገው መረጃ አንድ ክፍሉ ደግሞ ከኢትዮጵያውያን ደም የተገኘ ነው።

ነገሩ የሀብታም አገር ቅንጦት የሚመስለው ሰው ከኮዴይን ታሪክ ቢጀምር ይሻለዋል። ኮዴይን ሲዋጥ ብቻውን እምብዛም ሕመም አያስታግስም። ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው ሥራው የሚጀምረው። አብዛኛው ሰው ኢንዛይሙን የሚያሠራውን ጂን ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ይወርሳል። አንዳንዱ ግን ጂኑን ደርቦ፣ አንዳንዴም ደራርቦ ይወርሰዋል። የዚህ ሰው ጉበት ኮዴይኑን በጥድፊያ ሞርፊን ያደርገዋል፤ ለሌላው መጠነኛ የሆነው ክኒን ለእሱ ትንፋሽ እስከ መቁረጥ ሊደርስ ይችላል። ዛሬ በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የሚሠሩት ኢትዮጵያዊቷ ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉ ከባልደረቦቻቸው ጋር 122 ኢትዮጵያውያንን መርምረው ውጤቱን በ1996 ሲያሳትሙ፣ ጂኑን ደርበው የያዙት 29 በመቶ ሆነው ተገኙ። በስዊድናውያን ላይ ቁጥሩ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። አሥር ኢትዮጵያውያን ቢሰለፉ ሦስቱ ገደማ እንደ ማለት ነው።

ለምን እዚህ እንዲህ በዛ? ከተመራማሪዎቹ አንዳንዶቹ መላ ምታቸውን ምግብ ላይ ጥለዋል፦ በረሃብ ዘመን ያገኘውን ቅጠልና ሥር ለመብላት በተገደደ ሕዝብ መካከል የዕፀዋትን መርዝ ቶሎ የሚያከሽፍ ጉበት ያለው የተሻለ ዕድል ነበረው ይላሉ። መላ ምት ነው። ከዚህ ይልቅ ለነርስ የሚጠቅመው እነዚያው ተመራማሪዎች በ2002 ያሳተሙት ሌላ ጥናት ነው። ስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንንና አገር ቤት ያሉትን አነጻጸሩ። ጂናቸው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ የኢንዛይሙ ሥራ ግን ተለያየ፤ አገር ቤት ያሉት ላይ ቀዝቀዝ ብሎ ተገኘ። ምግቡ፣ አካባቢው፣ የዕለት ኑሮው እጁን አስገብቷል። ጂን ሁሉን ይወስናል የሚል ትምህርት የሚሰጥ ካለ ይህን ጥናት ማንበብ አለበት።

በ2015 ያኔ የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ኮዴይን በኢትዮጵያ ጥቅም ላይ እንዳይውል ከለከለ። ምክንያቱ ይኸው የጂን መረጃ ነበር። አንድ አፍሪካዊ አገር የራሱን ሕዝብ የዘር መረጃ ይዞ መድኃኒት ማገዱ በውጭ የሙያ መጽሔቶች ላይ በምሳሌነት ሲጠቀስ ይታያል። እዚህ ግን ውሳኔው ብዙም አልተወራለትም። በየክፍሉ ያለው ነርስ ዘንድ የደረሰው ምናልባት «ኮዴይን ቀርቷል» የሚለው ብቻ ነው፤ «ለምን ቀረ?» የሚለው አብሮ ካልተነገረ ደግሞ ትምህርቱ ግማሽ ነው።

ግማሽ የሚሆነው በትራማዶል ምክንያት ነው። ትራማዶል በአገራችን ሆስፒታሎች ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከሚሰጡት ማስታገሻዎች አንዱ ነው፤ እናቶች በኦፕራሲዮን ከወለዱ በኋላም ከዳይክሎፌናክ ጋር ወይም ብቻውን ይታዘዛል። እሱንም ወደ ኃይለኛው ቅርጹ የሚቀይረው ያው ሲዋይፒ2ዲ6 ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2017 ኮዴይንና ትራማዶልን አንድ ላይ አድርጎ ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች እንዳይወስዷቸው፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዲታቀቡ አስጠንቅቋል። የእኛ አገር ውሳኔ አንዱን ወንድም አስወጥቶ ሌላውን አስቀምጧል። ይህን የምንለው ለመተቸት አይደለም። ሞርፊን እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ትራማዶልን ማውጣት ሰውን በሕመም መቅጣት ይሆናል። መድኃኒቱ ይቆይ ከተባለ ግን የሚሰጠው ሰው ጠባዩን ይወቅ።

ማወቅ ማለት እንዴት ያለ እንደሆነ ቀረብ ብለን እንይ። አንዲት የምንጃር እናት ማታ በኦፕራሲዮን ወለደች እንበል። ትራማዶል በመርፌ ተሰጣት፤ ሌሊቱን ሌላ መርፌ ሊደገምላት ነው። ተረኛዋ ነርስ ስትመጣ እናቲቱ ድብን ያለ እንቅልፍ ወስዷታል። «ደክሟት ነው፣ ትተኛ» ማለት ቀላል ነው፤ አስታማሚዋም የሚሉት ይህንኑ ነው። ትምህርቱን የወሰደች ነርስ ግን ትከሻዋን ነካ አድርጋ ትቀሰቅሳታለች፤ ደረቷን እያየች ትንፋሿን ደቂቃ ሙሉ ትቆጥራለች። ከ12 በታች ከሆነ፣ ወይም እናቲቱ ተጠርታ መልሳ ከሸለበች፣ ቀጣዩን መርፌ ታቆያለች፤ ኦክስጅን አዘጋጅታ ተረኛ ሐኪም ትጠራለች። ከዚያ ወደ ሕፃኑ ትዞራለች፦ ጡት ይዞ ይጠባል ወይስ አፉ ላይ እንደያዘ ያንቀላፋል? ሲያነሡት ይፈራገጣል ወይስ እንደ ጨርቅ ይተጣጠፋል? ጠዋት ርክክብ ላይ በካርዱ የምትጽፈው ደግሞ እናቲቱ እስከ ዕድሜዋ ልክ ይጠቅማታል፦ «ትራማዶል በተለመደው መጠን ተሰጥቷት ከልክ በላይ አደንዝዟታል»። ለዚህ ሁሉ የጂን ምርመራ አልታዘዘም፤ ሰዓትና ዓይን ብቻ።

ተቃራኒውም አለ። በዚያው በ1996ቱ ጥናት ኢንዛይሙ ጨርሶ የማይሠራላቸው 1.8 በመቶ ነበሩ። ጥቂት ናቸው፤ ዋርድ ውስጥ ሲገኙ ግን ስም ይወጣላቸዋል። ትራማዶል ተሰጥቶት «አልተወኝም» እያለ የሚያቃስተው ሰው «አስቸጋሪ» ወይም «መርፌ የለመደ» ይባላል። ጉበቱ መድኃኒቱን ሊለውጥለት እንደማይችል የምታውቅ ነርስ ሐኪሙን ሌላ ዓይነት ማስታገሻ ትጠይቅለታለች እንጂ አትታዘበውም።

የቲቢ ክፍሉም ተመሳሳይ ነገር አለው። አይሶናያዚድ የሚባለውን የቲቢ መድኃኒት ጉበት የሚያስወግድበት ፍጥነት ናት2 በሚባል ጂን ይወሰናል፤ ቀስ ብለው የሚያስወግዱት ሰዎች ለእጅና እግር መደንዘዝም፣ ለጉበት መጎዳትም ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ዶክተር ጌትነት ይመርና ባልደረቦቻቸው በ2011 ባወጡት ጥናት ቲቢና ኤችአይቪ አብረው ባሉባቸው ኢትዮጵያውያን ላይ የጂን ዓይነትና የጉበት ጉዳት መያያዛቸውን አሳይተዋል። ነርሷ ጂኑን አታየውም። የዓይን ነጩ ቢጫ መሆኑን፣ ምግብ ማስጠላቱን፣ ጫማ ውስጥ ያለው እግር «እንደ ጉንዳን መውረሩን» ግን መጀመሪያ የምትሰማው እሷ ናት።

ወባም እንዲሁ። ከአረርቲ ወደ ከሰም ወንዝ ቆላ ሲወረድ ወባ አለ፤ የቫይቫክስ ወባን ከጉበት ጠራርጎ ለማስወጣት የሚሰጠው ፕሪማኪን ደግሞ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በሚያንሳቸው ሰዎች ላይ ቀይ የደም ሴልን ያፈርሳል። ጉድለቱ በኢትዮጵያ ደጋ ብዙ አይታይም፤ በጋምቤላ አካባቢ ከፍ ይላል። ዛሬ ሰው ለመስኖ ሥራና ለቀን ሥራ ከክልል ክልል በሚዘዋወርበት ዘመን ግን «የደጋ ሰው ነው» ብሎ ማለፍ አያዋጣም። ክኒኑን የምትሰጥ ነርስ «ሽንትህ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ አቁመህ ቶሎ ና» ብትል ትንፋሽ እንጂ ገንዘብ አታወጣም። የዚሁ ጉድለት ባለቤቶች ባቄላ፣ በተለይ እሸቱን ሲበሉ የሚታመሙ አሉ። ባቄላ ከጓዳ በማይለይበት ሰሜን ሸዋ አንድ ልጅ እሸት በልቶ ገርጥቶና ቢጫ ሆኖ ቢመጣ፣ ይህን መጠርጠር ያስፈልጋል።

እስካሁን ያልነው ስለ መድኃኒት ነው። ከመድኃኒቱ የሚበልጠው ግን ጥያቄው ነው።

በዓለም ላይ ነርሶች ጂኖሚክስ ሲማሩ መጀመሪያ የሚሰጣቸው መሣሪያ የቤተሰብ የሕመም ታሪክ ነው፤ ሦስት ትውልድ ወደ ላይና ወደ ጎን እየጠየቁ በክብና በካሬ ምልክት መሣል። የአሜሪካና የእንግሊዝ መምህራን የሚያማርሩት ሕመምተኛው ከአያቱ በላይ የሚያውቀው ሰው ስለሌለው ነው። እኛ ዘንድ ይህ ችግር የተገላቢጦሽ ነው። ዘመድ እስከ ሰባት ቤት በማይጋባበት አገር ሽማግሌዎች ጋብቻ ከመባረካቸው በፊት አያት፣ ቅድመ አያት፣ ቅማያት፣ ምንዥላት እያሉ ሲቆጥሩ ያድራሉ። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ደግሞ እስከ 1967 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት የሚገኘው በእናትም በአባትም በኩል ትውልድን ቆጥሮ በማስረዳት ነበር። የማያውቁትን ዘመድ ችሎት ፊት በስም የሚጠሩ ሰዎች አገር ነው። ይህን የመሰለ መዝገብ በቃል ይዞ የመጣ ሰው ሆስፒታል ሲገባ የሚጠየቀው «በቤተሰብ ስኳር፣ ግፊት፣ አስም አለ?» ነው፤ መልሱ «የለም» ይሆንና ገጹ ይገለበጣል።

ጥያቄው እንዴት ሊጠየቅ እንደሚችል አንድ ምሳሌ ይበቃል። ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል፤ ደሙ ግን እንደ ሌሎቹ አይቆምም። በማግስቱ ጨርቁ ርሶ፣ ሕፃኑ ገርጥቶ ጤና ጣቢያ ይመጣል። «ገራዡ አበላሽቶት ነው» የሚለው ፍርድ ቶሎ ይሰጣል። ልክ ሊሆንም ይችላል። ግን ሂሞፊሊያ፣ ማለትም ደም የማይረጋበት በሽታ፣ ከእናት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፍ ነው፤ እናቲቱ ራሷ ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ሆና ትኖራለች። በዓለም ላይ የተለመደው ዓይነት ከ5,000 ወንድ ሕፃናት በአንዱ ገደማ ይታያል። ስለዚህ ነርሷ ፊቷን ከአባትየው አዙራ ወደ ሕፃኑ የእናት እናት ትሄዳለች፦ «እማማ፣ ከእርስዎ ወንድሞች፣ ወይም ከእህትዎ ወንዶች ልጆች፣ ሲገረዝ ወይ ጥርሱን ሲነቀል ደሙ አልቆም ያለ አለ?» እማማ ጥቂት አስበው «ኧረ አለ፤ የታላቅ እህቴ ልጅ ነው፣ በሕፃንነቱ የሞተ፤ ዓይን ነው ተብሎ ቀረ እንጂ» ቢሉ፣ ምርመራው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ይህን የሰማች ነርስ ሕፃኑን ጡንቻው ላይ መርፌ አትወጋውም፤ አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ የመሰለ ነገር አታስቀርብለትም፤ ቁስሉን አጥብቃ ይዛ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ ትልካለች፤ በሪፈር ወረቀቱ ላይም የእናት እናትን ቃል ትጽፋለች። ቀጥሎ የሚወለደው ወንድ ልጅ ሳይመረመር እንዳይገረዝ፣ የእናቲቱ እህቶችም ይህን እንዲያውቁ ትናገራለች። ነገሩ አዲስ አይደለም። የአይሁድ ሕግ ሊቃውንት ከ1,500 ዓመት በፊት፣ ጂን የሚባል ነገር ሳይታሰብ፣ ወንድሞቹ በግርዛት ደም የሞቱበትን ልጅ ከግርዛት ነፃ አድርገውት ነበር፤ እህትማማቾች በወለዷቸው ልጆች ላይም ነገሩን አንሥተውታል። በሌላ በኩል ከሂሞፊሊያ ሕመምተኞች ሲሶ ያህሉ በዘመድ ምንም ሳይኖር ድንገት የሚፈጠርባቸው ስለሆኑ፣ «የለም» የሚለው መልስ በሩን አይዘጋም።

ጥያቄው ግን ስለታም ነው፤ ሊቆርጥም ይችላል። በእኛ አገር የዘር ነገር ተራ ወሬ አይደለም። ልጅ የሚድር ቤተሰብ ሕመም ይደብቃል፤ የሚጥል በሽታ ያለባት እህት እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትገባለች። ሰባት ቤት የሚቆጥረው ሽማግሌ የሚቆጥረው ዝምድናን ብቻ አይደለም፤ ጆሮው ለሌላም ክፍት ነው። ነርሷ በተሰለፈ ሰው ፊት፣ በተከፈተ በር «በዘራችሁ እንዲህ ያለ ነገር አለ?» ብትል የምታገኘው ውሸት ብቻ ይሆናል፤ ባስ ሲልም የአንዲትን ልጅ ጋብቻ ታፈርሳለች። ከአፋር ወገን የመጣች እናት ደግሞ በአብሱማ ወግ የአክስቷን ወይም የአጎቷን ልጅ አግብታ ይሆናል፤ ሰባት ቤት በለመደ ጆሮ ይህን ሰምቶ ፊትን አለማኮሳተር ራሱ ሥልጠና ይጠይቃል።

የዝሆኔ በሽታ ይህን ሁሉ አንድ ላይ ያሳያል። ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው የእግር እብጠት ትል ወይም ትንኝ አያመጣውም፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በመሄድ ይመጣል። በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል ጎልማሶች እንዳለባቸው ተገምቷል፤ በጎጃም ደብረ ኤልያስና ደምበጫ ወረዳዎች በተደረገ ጥናት ከመቶ ሰው 3.3 ላይ ተገኝቷል። በአንድ መንደር፣ በአንድ አፈር ላይ ሁሉም በባዶ እግሩ ሲሄድ አንዱ ያብጣል፣ ሌላው አያብጥም። የታማሚ ወንድምና እህት ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው ከወላይታ 194 ሕመምተኞችን መርምረው በታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ተጋላጭነቱ የሰውነትን የመከላከያ ሥርዓት ከሚመሩ ጂኖች ጋር መያያዙን አሳዩ።

ሕዝቡ «ከዘር ነው» ሲል ኖሯል፤ ሳይንሱ መጥቶ «አዎ፣ ከፊሉ» አለ። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ይህ ግማሽ እውነት በደንብ ካልተገለጸ ሕመምተኞቹን ከጋብቻና ከማኅበር የሚያገልለውን አመለካከት የሳይንስ ማኅተም ያትምበታል። ጫማ ማድረግም ምን ዋጋ አለው ያሰኛል። እግር የምታጥብ፣ ቁስል የምታክም ነርስ ለቤተሰቡ ማስረዳት ያለባት በሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፦ የሚወረሰው በአፈሩ የመጎዳት ተጋላጭነት እንጂ በሽታው አይደለም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገና እግሩን የሚታጠብ ልጅ ጂኑ ቢኖርበትም አይታመምም። ይህን በልበ ሙሉነት ለመናገር ጂንና አካባቢ እንዴት እንደሚገናኙ መማር አለባት፤ በቃል የተያዘ መፈክር የመጀመሪያውን የአያት ጥያቄ አይችልም።

ታሪክ የራሱ ቀልድ አለው። ኖርዌያዊው አርማወር ሃንሰን በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ሲያገኝ የአገሩ ታላላቅ ሐኪሞች በሽታው በዘር ይተላለፋል ይሉ ነበር፤ እሱ ነው አይደለም ያለው። በስሙ የተጠራው የአርማወር ሃንሰን ምርምር ተቋም በ1970 አዲስ አበባ በአለርት ግቢ ተመሠረተ፤ ዛሬ ከአገሪቱ የጂኖም ምርምር ቤቶች አንዱ ነው። ዘር ነው የተባለውን ዘር አይደለም ያለ ሰው ስም፣ ዘር የሚነበብበት ቤት ላይ ተሰቅሏል። ለነርሶች ሥልጠና ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ሰዓት ታሪክ አይገኝም።

ሰሜን ሸዋ ደግሞ ሌላ እንቆቅልሽ አለው። አረርቲ ወይና ደጋ ናት፤ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። የዓለም ጤና ድርጅት በከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው ደሙ መብዛት አለበት ብሎ ስለሚያስብ፣ በደብረ ብርሃን ከፍታ ለምትኖር ነፍሰ ጡር የደም ማነስ መለኪያ የሆነውን የሄሞግሎቢን ልክ በዴሲሊትር ወደ 2 ግራም በሚጠጋ ከፍ ያደርገዋል። ይሁንና በ2002 በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ በሚኖሩ አማሮች ላይ የተደረገ ጥናት ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው እንደማይለይ፣ የደማቸው ኦክስጅንም በአማካይ 95 በመቶ እንደነበረ አሳይቷል። ለሌላ ሕዝብ የተሰፋ ልክ ለአንኮበር እናት ላይሆን ይችላል። መመሪያውን የምትቀይረው ነርሷ አይደለችም፤ መዝግባ ለሚቀይሩት ግን ማስረጃ ታቀርባለች።

ሌላው ዓለም ከዚህ ብዙም አልራቀም። አሜሪካ ለነርሶች የጂኖሚክስ ብቃት መለኪያ ያዘጋጀችው በ2005 ነው፤ እንግሊዝ በ2014 የጂኖሚክስ ትምህርት ፕሮግራም አቋቁማ የመቶ ሺህ ጂኖሞች ፕሮጀክቷን በ2018 ስትጨርስ ሠራተኞቿን አብራ ስታስተምር ነበር፤ በ2017 ደግሞ የነርሶች ዓለም አቀፍ የጂኖሚክስ ጥምረት ተመሠረተ። እዚያም ቢሆን ጥናቶቹ የሚሉት ነርሶቹ ጉዳዩ ይጠቅማል ብለው ቢያምኑም እውቀታቸው ዝቅተኛ፣ የቤተሰብ ታሪክ አወሳሰዳቸውም ጎዶሎ መሆኑን ነው። ይህን ማስታወስ የሚጠቅመው «እኛ ኋላ ቀርተናል» የሚለውን ልማድ ለማስታገስ ነው። በኮዴይን ጉዳይ እንዲያውም ቀድመናል።

ጓንት በሚያልቅበት፣ አንዲት ነርስ ለአልጋ ሁሉ በምትሮጥበት፣ የአማራ ክልል ግጭት መንገድ በሚዘጋበት ሰዓት ስለ ጂኖም ማውራት ቀልድ ነው የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ለሦስት ቀን ሆቴል ውስጥ የሚሰጥ፣ አበል የሚከፈልበት፣ ስለ ዲኤንኤ ጠመዝማዛ መሰላል የሚያወራ ሥልጠና ከሆነ ቢቀር ይሻላል። ከላይ የተዘረዘረው ግን አዲስ ዕቃ አይጠይቅም፤ ነርሷ ዛሬም ትንፋሽ ትቆጥራለች፣ ዛሬም ካርድ ትሞላለች፣ ዛሬም ክኒን ታድላለች። የሚጨመርላት ምክንያቱ ነው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ደግሞ ሥራ ሲበዛበት የቱን መተው እንደሌለበት ይለያል።

የሚያስተምር አይጠፋም። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የሚጠራ የጤና ሳይንስ ካምፓስ አለው፤ ነርሶችና አዋላጆችም ይመረቁበታል። የሙያ ፈቃድ ለማደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ትምህርት መውሰድ ግዴታ ስለሆነ፣ ለአረርቲና ለአጎራባች ወረዳዎች የሚሆን የአንድ ቀን ኮርስ ማስመዝገብ ከባድ አይሆንም፦ ጠዋት ማስታገሻና ትንፋሽ፣ ከሰዓት የቤተሰብ ታሪክ በተዘጋ በር። የፋርማሲ ባለሙያው አብሮ ቢቀመጥ ደግሞ መልካም ነው፤ የትኛው መድኃኒት በየትኛው ኢንዛይም እንደሚያልፍ እሱ ተምሮታል፣ የሚጠይቀው አጥቶ ነው እንጂ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ቢካተቱ ጫማውንና ግርዛቱን ቤት ድረስ ያደርሱታል።

ከዚህ በላይ ያለው የጤና ሚኒስቴርና የመድኃኒት ባለሥልጣኑ ድርሻ ነው። ተመራቂዎች የሥራ ፈቃድ ለማግኘት በሚፈተኑት የብቃት ምዘና ላይ ከትራማዶል በኋላ እናትና ሕፃን እንዴት እንደሚጠበቁ የሚጠይቅ አንድ ጥያቄ ቢገባ፣ ኮሌጆቹ ሳይነገራቸው ማስተማር ይጀምራሉ። ባለሥልጣኑ ደግሞ ኮዴይንን ያስወጣበትን ማስረጃ ይዞ ስለ ትራማዶል አንድ ገጽ መመሪያ በአማርኛና በሌሎች የሥራ ቋንቋዎች ጽፎ በየወሊድ ክፍሉ ግድግዳ ቢያስለጥፍ፣ ወጪው የወረቀትና የማጣበቂያ ነው።